ሳያመኝ የተሰበረው ጣውላ

እጁን ከጠንካራ ነገር ጋር አጋጭቶ «ምንም አልተሰማኝም» የሚል ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እጠይቃለሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ያልሁት ጉራ ለመንዛት አልነበረም፤ የሆነውን ነገር እንደሆነ መናገሬ ነበር። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ አጠገቤ የቆመው ሰው ቃሌን እንደ ዋዛ ቢያልፈው ኖሮ፣ ዛሬ ቀኝ እጄ ብዕር የሚይዝ አይመስለኝም።

ስሜ ፈንታ ይባላል። የምኖረው እንጅባራ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዞናችን ካሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የዕቃ ርክክብ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። በጨረታ የተገዛ ዕቃ መጋዘን ከመግባቱ በፊት በውሉ በተጻፈው መሠረት መሆኑን ማረጋገጥ የእኔ ድርሻ ነበር። የትምህርት ቤት ዴስክ፣ የበርና የመስኮት ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ በእጄ አልፏል። በተለይ ጣውላ አውቃለሁ። እርጥቡን «ደረቅ ነው» ብለው ሲያመጡልኝ በጥፍሬ ጫር፣ በአፍንጫዬ ሸተት፣ በጣቴ መታ መታ አድርጌ እመልሰው ነበር። አንዳንድ አቅራቢዎች «ዛሬ ፈንታ ካለ ነገ እንመለስ» ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። እንደ ስድብ አልቆጠርሁትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘና ሐኪም እንድንቀሳቀስ መከረኝ። በዚያው ሰሞን ይበልጣል የሚባል የቴኳንዶ አሠልጣኝ በከተማችን አንድ አዳራሽ ለጎልማሶችና ለጡረተኞች የጠዋት ክፍል ከፍቶ ነበር። ወደዚያ የጎተተኝ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር የነበረው ሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣ፣ ቀልድ የማይጠፋው ሰው ነው። «ና እንጂ፣ ቤት ተቀምጠህ የሚስትህን ድስት ከምትፈትሽ!» አለኝ። ሄድሁ።

እግር ማንሳቱንና መተንፈሱን ወደድሁት። ያልወደድሁት ጣውላ መስበሩን ነው። በየበዓሉ ወጣቶች መድረክ ላይ ወጥተው ጣውላ ሲሰብሩ አይቻለሁ፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እኔ የምመለከተው የጣውላውን ጠርዝ ነበር። በስስ መጋዝ ከጀርባው የተነካ፣ ወይም ቀድሞ ተሰንጥቆ በሙጫ የተያዘ ጣውላን ሕፃንም ይሰብረዋል። ይበልጣል የጣውላ መስበር ትምህርት እንደሚጀምር ሲነግረን እጄን አወጣሁ።

«ማስተር፣ ጥቅሙ ምንድን ነው? እንጨት ማባከን አይሆንም?»

ይበልጣል ትሑት ልጅ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄ አይፈራም። «ጋሼ፣ አየር ስንመታ ሁላችንም ጀግኖች ነን» አለኝ። «ሰው የሚፈራውን ነገር ሲመታ ግን እጁ ሳይደርስ ይቆማል። እሱ ራሱ አያውቀውም። ጣውላው ካልተሰበረ ግን እጁ እንደቆመ ያውቃል። ሰባሪ ላደርግዎት አይደለም፤ እጅዎን እንዲያውቁት ነው።»

ንግግሩ ያማረ ነበር። ያማረ ንግግር ደግሞ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የተጠራጠርሁት ነገር ነው።

በአገራችን ቀርከሃ ሞልቷልና በደረቀ የቀርከሃ ስንጥቅ ጀመርን። ከዚያ ወደ ፈረንጅ ጥድ ጣውላ አለፍን። አመታቱ በመዳፍ ጠርዝ ነው፤ ማለትም ከትንሿ ጣት ሥር እስከ አንጓ ባለው የእጅ ጎን። ተራዬ ሲደርስ ይበልጣልና አንድ ሌላ ሠልጣኝ ጣውላውን ግራና ቀኝ ያዙልኝ። እንደተማርሁት ተንፍሼ መታሁ። ጣውላው ከመካከሉ ለሁለት ሆነ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሙሉጌታ ከኋላ ጮኸ፦ «ኧረ እጅህ ከዲከረንስ ዛፍ ነው እንዴ የተሠራው? ለከሰል ሳይወስዱህ ደብቀው!»

እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። እንደዚያ ያለ ጣውላ በእጅ ተመትቶ ሲሰበር ማመም አለበት። «ምንም አልተሰማኝም» አልሁ።

ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ፣ ጣውላው ቀድሞ ተነካክቷል የሚል ነው። ሁለቱን ስባሪዎች ከመሬት አንስቼ በፎጣዬ መጠቅለል ጀመርሁ።

«ጋሼ፣ እንጨቱን ምን ሊያደርጉት ነው?» አለ ይበልጣል።

«ላየው ነው።»

«ምኑን?»

«ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይታያል።»

«እሺ። እኔ ደግሞ እጅዎን ልየው» አለና መዳፌን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ደም ነበረው። አንድ ረዥም ስንጥር ከትንሿ ጣቴ በታች ገብቶ ተሰክቷል። ይበልጣል ሁለት ጊዜ ሳያስብ ሳበው፤ ወጣ። እኔ የማየው የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

«ይኼ ሲወጣ አላመመዎትም?»

«እጄ ጠንክሮ ይሆናላ።»

«እጅ በዚህ አጭር ጊዜ አይጠነክርም። የጠነከረ እጅም ቢሆን ያመዋል፤ ቶሎ ይተወዋል እንጂ።» ፊቱ ላይ ጨዋታ አልነበረም። «ጋሼ፣ ይህን እጅ ሐኪም ሳያየው ሁለተኛ አይሠለጥኑበትም።»

እንደ ብልጠት ቆጠርሁበት። ስለ ጣውላው ስጠይቀው ወሬውን ወደ እጄ አዞረው ብዬ ጠረጠርሁ። ከቤት ስደርስ መነጽሬን አደረግሁና ስባሪዎቹን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ፈተሽሁ። የመጋዝ ፈለግ የለም። ሙጫ የለም። አሮጌ ስንጥቅ ቢኖረው ኖሮ ጠርዙ ይጠቁር፣ አቧራም ይይዝ ነበር፤ ይህ ግን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። በደንብ የደረቀ፣ ጭረቱ፣ ማለትም የእንጨቱ መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው ጣውላ ነበር። ተረካቢ ብሆን ኖሮ ያለ አንዳች ጥያቄ እፈርምለት ነበር።

እንግዲህ ጣውላው ደህና ከሆነ፣ ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ በረንዳው ላይ እንጨት ስፈትሽ አይታ ልትስቅ መጣች። የሆነውን ስነግራት ሳቋ ጠፋ። «አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ምድጃው ላይ ክንድህን አሳርፈህ ስታወራ የተቃጠለ ፀጉር ሸቶኝ አልጎተትሁህም? ያን ጊዜም ዝም ነው ያልኸው። ቻይ ለመምሰል ነው ብዬ ነው የተውሁህ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያም ሌላው ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ። ትንሿና የቀለበት ጣቴ ከወራት በፊት ጀምሮ ይደነዝዙ ነበር። የሸሚዝ ቁልፍ ማስገባት አስቸግሮኝ «እርጅና ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ከክርኔ በታች ደግሞ ከቆዳዬ ፈዘዝ ያለ ምልክት ነበረ፤ ቋቁቻ መስሎኝ ቅባት ቀብቼዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ጥርባ በሚባል ቦታ በኩል ወደሚኖር ወጌሻ ነው። ደጁ ላይ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩትን አዳመጥሁ። ጉልበቷን ያመማት ሴት «ጅማት ዞሮ ነው» ተባለች። ትከሻው የወለቀ ወጣት «ጅማት ዞሮ ነው» ተባለ። ተራዬ ሲደርስ የሚለኝን አውቄው ነበር፤ አላሳፈረኝም፣ ያንኑ አለኝ። ቅቤ ቀብቶ ከክርኔ እስከ ጣቴ ሲያሸኝ ክርኔ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ጣቶቼ ግን እንደ ደነዘዙ ቀሩ። በሳምንቱ ትንሿ ጣቴ ከወትሮው ጎበጥ ብላ አየኋት።

ቀጥዬ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድሁ። ከመናኸሪያው በጋሪ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ። ደም ተቀበሉኝና «የስኳር ጅማሮ አለብዎት፤ ስኳር ነርቭ ይጎዳል» ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ነርቭ ማለት ስሜትንና ትእዛዝን በሰውነታችን ውስጥ የሚያደርስ መስመር መሆኑን ያስረዱኝ እነሱ ናቸው፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ስኳር ሁለቱን እግርና ሁለቱን እጅ ትቶ አንዱን እጅ፣ ያውም ግማሹን ብቻ እንዴት ይመርጣል? ብዬ ስጠይቅ መልስ አላገኘሁም። ወደ ሌላ ክሊኒክ ተሻገርሁ። እዚያ ስኳር የለብዎትም ተባልሁ፤ የቫይታሚን እጥረት ነው ተብሎ መርፌ ተወጋሁ። ሦስተኛው ቦታ የአንገት አጥንቴን በራጅ አንስተው «ዲስክ ነው» አሉኝ፤ የአንገት መደገፊያም ሸጡልኝ። አንዱ የደም መመርመሪያ ያለው ነበር፣ አንዱ መርፌ፣ አንዱ ራጅ። እያንዳንዱ በእጁ ያለውን ዕቃ የሚመጥን በሽታ አገኘልኝ። ይህን የምጽፈው ሙያተኞችን ለመስደብ አይደለም። እኔም ሁሉንም የነገርኋቸው ስለ ጣቶቼ ብቻ ነበር፤ የክንዴን ምልክት በረዥም እጅጌ ሸፍኜ ነበር የምቀርበው። ቋቁቻ ከጣት ድንዛዜ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነው።

በአንደኛው ክሊኒክ የመጠበቂያ ወንበር ላይ የሆነውን ግን አልረሳውም። ከጫግኒ የመጣች አንዲት እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ቆሎ አውጥታ «እንካ አባባ» ብላ በቀኝ መዳፌ አፈሰሰችልኝ። ጣቶቼን ልገጥም አልቻልሁም፤ ቆሎው በትንሿ ጣቴ በኩል እየሾለከ ወለሉ ላይ ወረደ። ሴትዮዋ ፊቴን አላየችም፤ ምንም አልጠየቀችም። ሌላ እፍኝ ዘግና በግራ መዳፌ ጨመረችልኝ።

በቤታችን ሰላም ጠፋ። ጥሩወርቅ ጠበል እንድገባ ትለምነኛለች፤ እኔ የመርፌውን ብልቃጥ አንስቼ የተመረተበትን አገር አነባለሁ። «አንተ ሐኪሙንም አታምን፣ ወጌሻውንም አታምን፣ እኔንም አታምን!» አለችኝ አንድ ቀን። «ማንን ልታምን ነው የቀረህ?»  ሌሊት ስነቃ በግራ እጄ ቀኙን እየዳበስሁ ድንበሩን እፈልግ ነበር፤ የእኔ የሆነው እጅ የሚያበቃበትን፣ የእኔ ያልሆነው የሚጀምርበትን። ድንበሩ ወደ ላይ የሚገፋ ይመስለኝ ነበር። በዚህ እጅ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የፈረምሁት። እሱ ከሄደ ፈንታ የቱ ጋር ይቀራል እያልሁ አስብ ነበር።

የአንገት መደገፊያዬን አድርጌ ወደ አዳራሹ ተመለስሁ። ይበልጣል በሩ ላይ ቆመ።

«የሐኪም ወረቀት ይዘዋል፣ ጋሼ?»

«ሦስት ቦታ ታይቻለሁ።»

«ታዲያ ሦስቱ ምን አሉ?»

«ሦስት ነገር።»

«እንግዲያማ አልታዩም» አለኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላስገባዎትም።»

በሰው ፊት ተመለስሁ። ሽማግሌ ሊያባርር ሰበብ አገኘ ብዬ ተናደድሁ። ወረቀቱን አምጥቼ ፊቱ ላይ ለማስቀመጥ ስል ብቻ፣ የቆዳ ሐኪም በሳምንት አንድ ቀን ወደምትገኝበት ሆስፒታል ሄድሁ። የቆዳ ሐኪም የመረጥሁት ለእጄ አስቤ አልነበረም፤ የዚያን ቀን ወረፋው አጭር የነበረው እሷ ጋር ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጣቶቼን ሳሳያት ጣቶቼን ትታ «እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ» አለችኝ። ምልክቱን አየች። ከዚያ ክርኔን አጥፋ፣ ሲጋጭ የሚነዝረውን ቦታ ከኋላ በጣቷ ዳሰሰች። የግራዬንም ዳሰሰች። «ልዩነቱ ይሰማዎታል? በግራዎ ቀጭን ክር ነው። በቀኝዎ ገመድ ሆኗል።»

ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጥጥ ጫፍ ስትነካኝ የነካችኝን ቦታ በጣቴ እንዳሳያት አዘዘችኝ። ግንባሬን ነካችኝ፤ አሳየሁ። ግራ ክንዴን ነካችኝ፤ አሳየሁ። ከዚያ ዝም አለች። ጠበቅሁ።

«ጀመሩ?» አልሁ።

«እየነካሁዎት ነው።»

ታታልለኛለች ብዬ አንድ ዓይኔን ገለጥሁ። ጥጡ የፈዘዘው ምልክት መሐል ላይ ነበር።

ተነሥታ በሩን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች። በሽታው የሥጋ ደዌ መሆኑን በቀስታ ነገረችኝ።

የተናገርሁትን ዛሬ ስጽፈው ያሳቅቀኛል፦ «እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ» አልኋት።

«ነዎት እንጂ» አለች። «በሽታው ከንጽሕና ማነስ፣ ከእርግማን ወይም ከዘር የሚመጣ አይደለም፤ ተሕዋስ ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። የሚወደው ቆዳንና ነርቭን ነው። ይድናል። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ወደ ሰው አይተላለፍም። እኔን ያሳሰበኝ ነርቭዎ ነው። አብጧል። እብጠቱን የሚያበርድ ኪኒን ዛሬውኑ እንጀምራለን፤ ዘግይተን ቢሆን ኖሮ ጣቶችዎ እንደታጠፉ ይቀሩ ነበር።»

ሌላ ሐኪም እንዲያየኝ ጠየቅሁ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ባልደረባዋን ጠርታ ምንም ሳትነግረው እንዲመረምረኝ አደረገች። ያንኑ ነገር አለ። ከጆሮዬ ጫፍ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ግን ተሕዋሱ አልታየም። «ታዲያ!» ብዬ ተነሣሁ፣ ክስ እንደፈረሰለት ሰው። «የእርስዎ ዓይነቱ ተሕዋሱ ጥቂት ስለሆነ በናሙና ላይታይ ይችላል» አለችኝ። «ግን ጥጡን አልሰሙትም። ያ ምስክር ይበቃል።» አሰብሁበት። ጣውላው ደህና፣ እጁ ደንዛዛ። ሁለቱን ማስረጃዎች አጋጥሜ ስመለከታቸው ሌላ መንገድ አልነበረም።

መድኃኒቱ በነጻ ነው ስባል ደግሞ እንደ አዲስ ጠረጠርሁ። በመንግሥት ቤት የኖረ ሰው ያለ ክፍያና ያለ ብዙ ፊርማ የሚሰጥ ዕቃ ሲያይ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ያስባል። በኪኒን ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ነርሷ ፊት አነበብሁ። ደህና ነበር። የመጀመሪያውን ዋጥሁ። «ሽንትዎ ቀይ ይመስላል፤ እንዳይደነግጡ፣ ከመድኃኒቱ ነው» አለችኝ ነርሷ። በማግስቱ እንዳለችው ሆነ። በእነዚያ ወራት ሁሉ እንደተነገረኝ የሆነ የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር። ሰውን ማመን እንደገና የጀመርሁት ከዚያ ላይ ነው ብል አልሳሳትም።

ለጥሩወርቅ ነገርኋት።  በማግስቱ ውሃ የምጠጣበት ኩባያ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አየሁ።

«ኩባያውን ለየሽው?»

«ለየሁት።»

«እንደማይተላለፍ ነግሬሽ የለ?»

«ነግረኸኛል። ፈራሁ። ምን ላድርግ፣ ፈንታ? አንተ ዕድሜህን በሙሉ ስትጠራጠር ማንም አልከለከለህም፤ እኔ አንድ ቀን ብጠራጠር ኃጢአት ነው?»

ሳልወድ ሳቄ መጣ። ሐኪሟ የቤተ ሰቡ አባል ሁሉ መታየት እንዳለበት አዝዛ ነበር። ጥሩወርቅ «በዚያ ክፍል በር ላይ ሰው ካየኝ በኋላ ገበያ መውጣት ቀረ» ብላ ብዙ አንገራገረች። በመጨረሻ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተከተለችኝ። ሐኪሟ ክርኗን፣ ፊቷን፣ ጀርባዋን መርምራ ምንም የለብሽም አለቻት። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ በቀኜ በኩል ተቀመጠች። ሃይላንድ ውሃ ከፍቼ ጠጣሁ። ሳትጠይቀኝ ከእጄ ወስዳ ጠጣችና ክዳኑን ገጠመችው። ኩባያው በዚያው ቀን ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ።

ወሬው እንደምን እንደወጣ አላውቅም፤ በትንሽ ከተማ ወሬ አውጪ አያስፈልገውም። ሙሉጌታ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጁን በጋቢው ሸፍኖ አንጓውን ዘረጋልኝ። «እጄ ቅባት ነክቶት ነው» አለ። ጋቢው ንጹሕ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አዳራሹ ስሄድ ይበልጣልም እንደዚያው ያደርጋል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ወረቀቱን ቆሞ አነበበ፤ ያልገባውን ጠየቀኝ። ጨርሶ አጥፎ መለሰልኝና ቀኝ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። «እንግዲህ ቀኝ እጅዎ ሐኪሟ እስክትፈቅድ አይመታም» አለ። «እግርዎ ግን ሰበብ የለውም!»

ከዚያ ጣውላ አምጥቶ በግራ እጄና በቀኝ ክንዴ ደግፌ እንድይዝለት አደረገ።  እኔ የያዝሁትን ጣውላ ማን እንደሚመታ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ይበልጣል ሌላ ሰው አልጠራም፤ ራሱ ቀርቦ መታው። ስባሪውን አንስቶ ለሚቀጥለው ሠልጣኝ ሰጠና «ጭረቱ ቀጥ ያለ መሆኑን ጋሼን ጠይቋቸው፤ ጣውላ ያውቃሉ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍሉን ጣውላ የምመርጠው እኔ ነኝ። ብዙውን እመልሳለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ሙሉጌታ ከአዳራሹ ጀርባ ጠራኝ። ግራና ቀኙን ቃኝቶ ሸሚዙን ገለበ። «እስቲ ይቺን እያት። ሰው እንዳይሰማ» አለኝ። ጀርባው ላይ የፈዘዘች ምልክት ነበረች። ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዝዤ ነካሁት።

«ወይ ጉድ! አትኮርኩረኝ!»

«ይሰማሃል?»

«እንዴት አይሰማኝም!»

«እንግዲያው ሂድና ሐኪሟ ትይልህ፤ ለእኔ ግን ቋቁቻ ይመስለኛል» አልሁት። ሐኪሟም ቋቁቻ ነው ብላ መለሰችው። ሲያገኘኝ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጨበጠኝ። አጨባበጡ ጠንከር ያለ ነበር፤ ይቅርታ መጠየቂያው እንደሆነ ገባኝ።

አሁን፣ ጣውላ መስበር ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚለው የራሴ ጥያቄ መልስ መስጠት አለብኝ። በመድረክ ላይ ለጭብጨባ የሚሰበረውን ጣውላ ዛሬም አላምነውም፤ ጠርዙን ማየቴንም አልተውሁም። ነገር ግን ሰው ራሱን የሚፈትሽበት መሣሪያ ጥቂት ነው። መስታወት መልክን ያሳያል እንጂ ስሜትን አያሳይም። ደህና ጣውላ በተገቢው መንገድ፣ በሚያውቅ አሠልጣኝ ፊት ሲመታ፣ እጅህ የት እንደቆመና ምን እንደተሰማው ይነግርሃል። አሠልጣኞች ሆይ፣ ጣውላው መሰበሩን ብቻ አትዩ፤ የመታውን ሰው ፊት እዩ። ሕመም ያልተሰማውን ሠልጣኝ ከማድነቃችሁ በፊት መዳፉን ግለጡት። ሌሎቻችሁም፣ ቆዳችሁ ላይ የፈዘዘና ስትነኩት የማይሰማ ቦታ ካለ በእጅጌ አትሸፍኑት። ከጣት ድንዛዜ ጋር ምን ያገናኘዋል አትበሉ፤ እኔ ያልሁት ይበቃል።

ሕክምናው ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። እብጠት የሚያበርደው ኪኒን የደም ግፊቴን ከፍ ስላደረገው ሐኪሟ መጠኑን እየለካች በጥንቃቄ ነው የቀነሰችልኝ። መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት የወሩ መድኃኒት ሳላገኝ እቀራለሁ ብዬ ፈርቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን አልተቋረጠብኝም። ጣቶቼን በሙቅ ውሃ እየነከርሁ እዘረጋ ነበር። የስድስት ወሩ ኪኒን ሲያልቅ የክንዴ ምልክት ደብዝዞ ነበር፤ መዳፌ ግን ያው ነበር። ሐኪሟ «ነርቭ ቀርፋፋ ነው፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለችኝ። ባለመሸፋፈኗ አመሰገንኋት፤ ተስፋዬን ግን ቀነስሁ።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጠዋት ነፋስ የጥሩወርቅን ነጠላ ከገመዱ ላይ አንስቶ በአጥሩ ማዶ ጣለው። በቀርከሃው መካከል ቀኝ እጄን አሾልኬ ልስበው ስል እንደ እሳት ለበለበኝ። እጄን መንጭቄ አወጣሁ። ከአጥሩ ሥር ሳማ በቅሎ ነበር። ከትንሿ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ ቆዳዬ ሽፍ ሽፍ ብሎ ተነሣ።

«ጥሩዬ! ጥሩዬ! አቃጠለኝ!»

እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ሮጣ ወጣች። «ምን ሆንህ? እባብ ነው?»

«ሳማ ነው! እዚህ ጋ! በዚህ በኩል!» መዳፌን ወደ ዓይኗ አስጠጋሁ።

አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና በሊጥ እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ውሃ ላምጣልህ ብትለኝ እንቢ አልኋት፤ ማቃጠሉ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ድረስ እዚያው ቆየን።